ጋሽ አንሙት ያልቀመሱት አሮስቶ

ጋሽ አንሙት ማረፋቸውን የነገሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። በገበያ ቀን ቡሬ በርበሬ ተራ፣ እናቴ ዛላ እየመረጠች እኔ የጆንያውን አፍ ከፍቼ ቆሜ ሳለሁ፣ ከኋላ መጥተው ትከሻዬን በከዘራቸው ነካ አደረጉኝ።

"ብርቱካን፣ እኒያ ወጥ ቤታችን አለፉ" አሉኝ። "ሰከላ፣ እዚያው አገራቸው ተቀበሩ። ሳምንት ሆኗቸዋል አሉ።"

ከዚያ ወደ ጆንያው ጎንበስ ብለው አይተው "ዘንድሮ ቀለሙ ጥሩ ነው" አሉ። ጋሽ ሰይድ እንዲህ ናቸው፤ ሐዘን ሲከብዳቸው ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ። እኔ ጆንያውን ለቀቅሁት። እናቴ "ምን ነካሽ አንች" ብላ ተቆጣች፤ ግማሹ ዛላ አቧራ ላይ ፈሶ ነበር።

ቀብራቸው ላይ አልነበርሁም። ያለኝ ይህ ደብተር ነው። ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን አንዱን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡት ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል፤ ያየሁትን ሁሉ መጻፍ ነው፤ ደስ ብሎኝ ምሳዬን እስክረሳ ድረስ። ስለ ጋሽ አንሙት ግን ደስ እያለኝም እየፈራሁም ነው የምጽፈው። እሳቸውን ከሥራ ባስወጣው ነገር ውስጥ የኔም እጅ አለበት።

እንሠራበት የነበረው ቤት "ጎልፉ" ይባላል። ከቡሬ በእግር ግማሽ ሰዓት የሚያስኬድ ኮረብታ ነው። መንገድ ሊሠሩ የመጡ ፈረንጆች ናቸው ሣሩን አሳጭደው፣ ስድስት ጉድጓድ ቆፍረው፣ በየጉድጓዱ ቀይ ባንዲራ ተክለው፣ ከኮረብታው ጫፍ ደግሞ ፊቱ ሁሉ መስተዋት የሆነ ምግብ ቤት ሠርተው የሄዱት። ጀርባውን ለከተማው ሰጥቶ ፊቱን ወደ ቆላው ያዞረ ቤት ነው። ጥርት ባለ ቀን መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው ፈጣም ወንዝ ሲወርድ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ምድሩ እየተቆረሰ ወደ ዓባይ በረሃ ሲገባ ያያል። ሰው የሚመጣው ይህን እያየ ሊበላ እንጂ ኳስ ሊመታ አይደለም። የሚመቱትንም ቢሆን የሰፈሩ ገበሬዎች ያሾፉባቸዋል። "ገና ነው የሚጫወቱት፤ ግን የሚቀማቸው የለም። እያንዳንዱ የራሱን ሩር ብቻውን ያሳድዳል" ይላሉ። የሣር ማጨጃው ማሽን ከተበላሸ ወዲህ ሣሩን የሚያሳጥሩት የገበሬዎቹ በጎች ናቸው። ጋሽ ሰይድ ደግሞ በጎቹ ባንዲራውን እንዳይበሉ የሚጠብቁ ዘበኛ ናቸው።

እኔ ክረምት ክረምት ትምህርት ሲዘጋ አስተናጋጅ ነበርሁ። የምጽፈው ሚሊኒየሙ ሊገባ አንድ ወር ገደማ ሲቀረው ስለነበረው ክረምት ነው፤ ያኔ ከተማው ሁሉ አጥሩን ኖራ ሲቀባ ነበር የከረመው።

ጋሽ አንሙት የጎልፉ ወጥ ቤት ነበሩ። ቁመታቸው ረጅም ስለሆነ ማድ ቤቱ በር ላይ ሁልጊዜ ጎንበስ ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚገቡ ነው የሚመስሉት። በልጅነታቸው ግሽ ዓባይ አካባቢ የቄስ ትምህርት ተምረዋል። ኋላ ፈረንጆቹ ካምፕ ድንጋይ ሊሸከሙ ገብተው በድስት ሽታ ተስበው ማድ ቤት ቀሩ። እራሳቸው ናቸው እንዲህ የሚሉት። ሲያርፉ ጭልፋቸውን እንደ መቋሚያ ይደገፉታል። ራሳቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ይጠመጥማሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ያመጣላቸውን ረጅም ቆብ አንድ ቀን አድርገው ዶሮዎቹ ሸሹኝ ብለው አወለቁት።

ወንድ ልጅ ማድ ቤት ሲገባ በኛ አገር ዝም ተብሎ አይታለፍም። ቡሬ ሲወርዱ አንዱ ካንዱ ጠላ ቤት ደጃፍ ይጣራል።

"አንሙት፣ ዛሬስ ሽንኩርቱ አስለቀሰህ ወይ?"

"አስለቀሰኝ እንጂ" ይላሉ እሳቸው ሳይቆሙ። "እኔን ሽንኩርት፣ አንተን ሚስትህ። የኔው ይሻላል።"

እንቁላል ሲቀቅሉ ሰዓት አያዩም። አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። ለስለስ ያለ ለሚፈልግ እንግዳ ስድስት ጊዜ፣ ጠንከር ያለ ለሚፈልግ አሥራ ሁለት ጊዜ። መሀል ላይ ያናገራቸው ሰው ወዮለት። "ይኸው ከአፌ ወሰድኸው፤ እንግዲህ እንቁላሉን አንተ ፍረደው" ብለው ጭልፋውን ያስይዙታል። ሽንኩርት ሲያቁላሉ ጆሯቸውን ወደ ድስቱ ዘንበል ያደርጋሉ። "የሚጮኸው ጥሬው ነው" ይሉኝ ነበር። "ሲበስል ዝም ይላል። ሰውም እንደዚሁ ነው።" እኔ ያን ጊዜ ብዙ ስለምለፈልፍ ነገሩ ለኔ የተነገረ መስሎኝ ሁለት ቀን አኮረፍሁ። በሦስተኛው ቀን "ሽንኩርቴ በስሏል መሰል" ብለው አሳቁኝ።

አንድ ነገር ግን አይገባቸውም ነበር፤ ወይም እንዲገባቸው አይፈልጉም ነበር። በጾም ቀን የፍስክ ምግብ መቅመስ።

ፍልሰታ ማለት እኛ ዘንድ ሕፃን እንኳ የሚጾመው ጾም ነው። እንግዳ ግን አይጾምም፤ ፈረንጅ ይመጣል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰውም መንገደኛ ነኝ ይላል። ስለዚህ ጋሽ አንሙት ሁለት ሳምንት ሙሉ በግ፣ እንቁላል፣ ወተት ያበስላሉ፤ አንዷንም ምላሳቸው አይነካትም። በዓይናቸው፣ በአፍንጫቸው፣ በጆሯቸው ነው የሚሠሩት። እኔም እጾም ስለነበር ነገሩ አይደንቀኝም ነበር።

የዚያ ዓመት ፍልሰታ በገባ በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ነገር ተፈጠረ። ጋሽ አንሙት የበግ አሮስቶ እየሠሩ ሳለ ሥራ አስኪያጃችን አቶ ፍቅሩ ጠርቷቸው ወጡ። (አቶ ፍቅሩን ፊት ለፊት "እርስዎ" እለው ነበር፤ ለወረቀት ግን "እሱ" ይበቃዋል። የቤቱንም ባለቤት እንዲሁ።) ሲመለሱ ጨው መጨመር አለመጨመራቸውን ረሱ። ቀምሰው እንዳያውቁ ጾም ነው። አልጨመርሁም ብለው ጨመሩ። ለካ ጨምረው ነበር። አራት ሰው አንድ አንድ ጉርሻ ጎርሶ ውኃ ጠየቀ፤ ሳህኑም እንዳለ ተመለሰ።

አቶ ፍቅሩ ማድ ቤት ገባ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ሥራውን ይወዳል፤ ሲጨነቅ ጥፍሩን ይበላል። ያን ቀን ጥፍሩ አልቆ ነበር።

"ጋሽ አንሙት፣ እባክዎ ይቅመሱ። የዓለም ወጥ ቤት ሁሉ ይቀምሳል።"

"እኔ የዓለም ወጥ ቤት አይደለሁም ልጄ። የሰከላ ነኝ።"

"ቀምሶ መትፋት ይቻላል እኮ።"

"ምላስ ካወቀው በኋላ መትፋቱ ለማን ነው?"

አቶ ፍቅሩ ሲናደድ ከ"እርስዎ" ወደ "አንተ" ይወርዳል። ወረደ። "እንግዲያው ስማኝ። በሚቀጥለው ረቡዕ ባለቤቱ እንግዶች ይዞ ይመጣል። ለሚሊኒየሙ ቱሪስት የሚያመጡ ሰዎች ናቸው፤ ከወደዱን ቤቱ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል፤ ካልወደዱን ይዘጋል። የዚያን ቀን ጨው ቢበዛ ወይ ቢያንስ፣ ባሕር ዳር የሚጠብቅ ወጥ ቤት አለኝ። ሥራህ በቃ ማለት ነው።"

ጋሽ አንሙት "ሰምቻለሁ" አሉ። ግን ከዚያ በኋላ እንቁላል ሲቀቅሉ የጸሎቱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ሲሳሳቱ ሰማኋቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ረቡዕ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ቤት ሄጄም እሱኑ አስባለሁ። ጋሽ አንሙት ሰከላ ያሉትን ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በዚህ ሥራ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ደግሞ ማን ሌላ ቦታ ይቀጥራቸዋል? በማግስቱ "እኔ ልቅመስልዎ" አልኋቸው።

አዩኝ። "ያንችን ጾም አስገድፌ የኔን እንጀራ ላብስል? ሂጅ ሳህንሽን እጠቢ።"

ቀጥሎ ጋሽ አንሙት ዘዴ ያሰቡት በጋሽ ሰይድ ነው። ጋሽ ሰይድ ሙስሊም ናቸው፤ ፍልሰታ አይመለከታቸውም። ጋሽ አንሙት ከባንዲራው ሥር ጠርተው አመጧቸው።

"ሰይድ፣ አንተ ጾም የለብህም።"

"የለብኝም።"

"እንግዲያው ና፣ አፍህን አውሰኝ።"

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ታጥበው፣ ወተት የገባበትን ሾርባ በማንኪያ ፉት አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ትንሽ ጨው" አሉ። ተጨመረ። "አሁን ጥሩ ነው።" እንቁላሉንም ቀመሱ። ጋሽ አንሙት ፊታቸው በራ፤ እኔም ሥጋቴ ትንሽ ቀለለኝ። ከዚያ የበጉ ድስት ተከፈተ።

ጋሽ ሰይድ ማንኪያውን አስቀመጡ። "እሱን እንኳ አልችልም። የእናንተ ሰው ነው ያረደው።"

"ሌላ በግ አንተ ብታርድልኝስ?"

"እኔ እቀምሰዋለሁ፤ ያንተ እንግዶች ግን አይበሉትም።"

አንድ ድስት ከበን ቆመን ከሦስት ሰው አንድ የሚቀምስ ጠፋ። ጋሽ ሰይድ መጀመሪያ ሳቁ፤ ጋሽ አንሙትም ተከተሉ፤ እኔ ግን መሳቁ አልመጣልኝም። ረቡዕ ደግሞ በግ ነው የታዘዘው።

ስለዚህ ጋሽ አንሙት አንድ ደንብ አወጡ። በየድስቱ ትይዩ፣ መደርደሪያው ላይ፣ አንድ አንድ ሲኒ ይቀመጣል። ሲኒው ውስጥ ለዚያ ድስት የሚበቃ ጨው ይኖራል፤ ጨው የሚለኩት በዓይናቸው ስለሆነ አይስቱም። ጨው ድስቱ ውስጥ ሲገባ ሲኒው ይደፋል። የተደፋ ሲኒ ማለት ጨው ገብቷል ማለት ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ ሲኒ ማለት አልገባም ማለት ነው። "ቢጠሩኝም፣ ብረሳም፣ ሲኒው አይረሳም" አሉ። አምስት ቀን ሠራ። በአምስቱ ቀን አንድም ሳህን አልተመለሰም።

ረቡዕ ጠዋት ስነሳ ከቤታችን ደጃፍ ያለው ባሕር ዛፍ አይታይም ነበር። ጉም። ወደ ጎልፉ ስወጣ የፊቴን መንገድ እንጂ ከዚያ ወዲያ ያለውን አላይም። መስኮቱ ጋ ስደርስ ፈጣም የለ፣ ቆላው የለ፤ መስተዋቱ ነጭ ወረቀት መስሏል። አቶ ፍቅሩ ከአንዱ መስኮት ወደ አንዱ እየሄደ በመሐረቡ መስተዋቱን ከውስጥ ይጠርጋል፤ ጉሙ ግን ከውጭ ነው።

እንግዶቹ ረፋዱ ላይ ደረሱ። ባለቤቱ፣ አንድ ፈረንጅና አራት የአዲስ አበባ ሰዎች ነበሩ። ባለቤቱ የዚሁ አካባቢ፣ የጅጋ ልጅ ነው፤ አዲስ አበባ ገብቶ የከበረ። "ጉሙ ይገፈፋል፣ እስከዚያ ኳስ እንምታ" አለና ወጡ። ፈረንጁ አንዴ መታ፤ ኳሷን ጉም በላት። ሁሉም ቆሞ ወደ ነጩ ነገር ያያል። ጥቂት ቆይቶ ከጉሙ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ገበሬ በጎቻቸውን እየነዱ ወጡና ኳሷን በሁለት እጃቸው ለፈረንጁ አቀረቡ። "ሩርዎ ናት መሰል፤ በጌን መታችብኝ። ደኅና ነው፤ አይጨነቁ" አሉ። እንግዶቹ ሳቁ። ባለቤቱ አልሳቀም።

ይህን ጊዜ አቶ ፍቅሩ ማድ ቤት ገባ። ጋሽ አንሙት ጓሮ እንጨት ሊያመጡ ወጥተው ነበር።

"ብርቱካን፣ ባለቤቱ ማድ ቤቱን ላሳይ ሊል ይችላል። ይሄ ሁሉ ምንድነው? ሲኒ፣ ጨርቅ፣ ምናምን። አንሺው። ቶሎ።"

"ቶሎ" ሲለኝ እጄ ከጭንቅላቴ ይቀድማል። ጨርቁን አጠፍሁ። ማንኪያውን ሰበሰብሁ። ሲኒዎቹን ወደ ባልዲው ገልብጬ፣ አለቅልቄ፣ እንደ ወጉ ደፍቼ መደርደሪያው ላይ ደረደርኋቸው። አቶ ፍቅሩ "ጎበዝ" አለኝ። እኔም ደስ አለኝ።

ጋሽ አንሙት እንጨቱን ይዘው ገቡ፤ እኔ ደግሞ ሾርባ ላቀርብ ወጣሁ። ሾርባውን ጋሽ ሰይድ ቀምሰውታል፤ እንግዶቹ ወደዱት፤ ፈረንጁ ድጋሚ ጠየቀ። ባዶ ሳህን ይዤ ስመለስ ጋሽ አንሙት የአሮስቶውን ድስት ከእሳት ሊያወጡ ነው። ቀና ብለው መደርደሪያውን አዩ።

"ተመስገን" አሉ። "ሁሉም ገብቷል።"

ሲኒዎቹ ተደፍተዋል። የደፋኋቸው እኔ ነኝ። ከእነዚያ ውስጥ የበጉ ሲኒ ጨው ነበረው ወይስ አስቀድሞ ተደፍቶ ነበር? ላስታውስ ብል ባልዲው እንጂ ሲኒው አይመጣልኝም። ብነግራቸው እሳቸውም አያውቁም፤ ሲኒውን አምነው ረስተዋል፤ ደንቡ የተሠራው ለዚሁ ነው። ቢጨምሩ ሁለተኛ ጨው ሊሆን ይችላል። ባይጨምሩ አልጫ ሊሆን ይችላል። ቤቱ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ምላስ ብቻ ነበር።

ጋሽ አንሙት ድንቹን ሊያወጡ ዞር አሉ። ማንኪያ አነሳሁ። ከሱጎው ትንሽ ከነሥጋው ቆንጥሬ አፌ ውስጥ ጨመርሁ።

ፍልሰታን ከልጅነቴ ጀምሮ ገድፌ አላውቅም ነበር። ዋጥሁት።

ጨው የለውም።

"ጋሼ" አልሁ። ድምፄ እንደ ሕፃን ሆነ። "ጨው የለውም።"

"ገብቷል፤ ሲኒው ተደፍቷል።"

"ሲኒውን የደፋሁት እኔ ነኝ። አንሽው ተብዬ። ጨው የለውም ጋሼ።"

ዞሩ። መጀመሪያ ሲኒዎቹን፣ ቀጥሎ በእጄ ያለውን ማንኪያ፣ ቀጥሎ አፌን አዩ። ቅባት ሳይኖር አይቀርም። የሚቆጡ መስሎኝ ትከሻዬን ሰበሰብሁ። እሳቸው ግን ሁለት አቡነ ዘበሰማያት ለሚያህል ጊዜ ጭልፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከውጭ የአቶ ፍቅሩ ድምፅ "ብርቱካን፣ በጉ የታለ?" ይላል።

"አሁን ብጨምር ከላይ ይቀራል፤ ሥጋው ውስጥ አይገባም" አሉ በመጨረሻ። "ደግሞ አንችን ጾም አስገድፌ ባወቅሁት ነገር ወጥ አላስተካክልም።"

"ሥራዎትስ?"

ከቆርቆሮው ጨው አውጥተው በድንጋይ አደቀቁት፤ በስድስት የሲኒ ማስቀመጫ ላይ ትንሽ ትንሽ አድርገው አንድ ትሪ ላይ ደረደሩት። ራሳቸው ላይ ያለውን ጨርቅ ፈትተው እንደገና ጠመጠሙ። አሮስቶውን በትልቁ ሳህን አወጡ። "አንች ጨዉን ያዥ" አሉኝና ጎንበስ ብለው ከማድ ቤቱ ወጡ። እስከዚያ ቀን ድረስ እንግዳ ፊት ቀርበው አያውቁም ነበር።

ሳህኑን ጠረጴዛው መሀል አስቀመጡ። እኔ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ጨው አኖርሁ። እሳቸው እጅ ነሡና ተናገሩ።

"እንደምን ዋላችሁ ጌቶቼ። ይህን በግ የሠራሁት እኔ ነኝ። አልቀመስሁትም፤ ፍልሰታ ስለሆነ ምላሴ አይነካውም። ጨው አልገባበትም፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ጨዉ በየፊታችሁ ነው፤ እንደሚበቃችሁ አድርጉ። ስለ ሥጋው ግን አልፈራም።"

አንዱ እንግዳ ለፈረንጁ ተረጎመለት። ፈረንጁ ፈገግ ብሎ ጨው ነሰነሰና ጎረሰ። ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እንደገና ጎረሰ። አቶ ፍቅሩ በሩ ጋ ቆሞ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። እኔም ለቀቅሁ።

ከዚያ ሻርፕ የለበሰችው እንግዳ ሹካዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። "ለካ ፍልሰታ ነው" አለች፤ ለራሷ የምትናገር ነው የምትመስለው። "መንገድ ላይ ሆኜ ረሳሁት። የጾም ምግብ ይኖራችኋል?"

"የሠራተኛ ምሳ ሽሮ አለ፣ እመቤቴ" አሉ ጋሽ አንሙት።

"እሱን አምጡልኝ።"

አጠገቧ ያለው መነጽር ያደረገ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። "ለኔም ትንሽ።" ሦስተኛው ባለቤቱን አየት አድርጎ ሳህኑን ገፋ። አራተኛው ጎርሶ ነበር፤ ማላመጡን አቆመ፤ መዋጥም መትፋትም አቅቶት ወደ ጉሙ ይመለከታል። ሹካ የያዙት ፈረንጁና ባለቤቱ ብቻ ቀሩ።

የጅጋ ልጅ ነው ብያለሁ። ፍልሰታ ምን እንደሆነ ከሁላቸው ይልቅ እሱ ያውቃል። ጆሮው ሲቀላ አየሁት።

"አንተ" አለ ሹካውን ሳያስቀምጥ።

"አቤት ጌታዬ።"

"እንግዳ የጠራሁት ሊበላ ነው ወይስ ሊናዘዝ?"

"ሊበላ ነው እንጂ ጌታዬ።"

"መጾምህን ማን ጠየቀህ?"

"ማንም። የተናገርሁት ስለ ጨዉ ነው።"

"ስለ ጨዉ አይደለም" አለ ባለቤቱ። ወደ በሩ ዞረ። "ፍቅሩ፣ ባሕር ዳር ሰው አለኝ ብለህ አልነበር?"

"አዎ፣ ግን..."

"ነገ ይምጣ።"

ጋሽ አንሙት እጅ ነሥተው ወደ ማድ ቤት ተመለሱ። ሽሮውን ራሳቸው አሙቀው ሰጡኝ፤ ሦስት ሳህን ወጣ። የዚያን ዕለት ከቤቱ የተወደደው ምግብ እሱ ነው አሉ፤ ለሥራቸው ግን አልጠቀመም። ጥቂት ቆይቶ አቶ ፍቅሩ ገባ፤ ወደ "እርስዎ" ተመልሶ ነበር።

"ጋሽ አንሙት፣ ዝም ብለው ቢጨምሩበት ምን ነበረበት?"

"እኔ ነኝ" አልሁ ከመሀል። "ሲኒዎቹን አንሺ ሲሉኝ..." ብዬ ነገርሁት። አቶ ፍቅሩ መደርደሪያውን አየ፤ እኔን አየ፤ የሚበላው ጥፍር ፈለገ። "ሂጂ ሳህን አንሺ" ብቻ አለኝ።

ጋሽ አንሙት ከመሄዳቸው በፊት ድስቶቹን ሁሉ አጠቡ፤ እኔ ልጠብ ብል እምቢ አሉ። ቢላዋቸውንና ጭልፋቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ። ጋሽ ሰይድ እስከ በሩ ሸኟቸው፤ እጅ ለእጅ ተያይዘው ስለ በጎቹ አወሩ። እኔ እስከ አስፋልቱ ወረድሁ። መኪና እስኪመጣ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ እኔ አጠገባቸው ቆምሁ። ሲከብደኝ የቆየውን አወጣሁት።

"ጋሼ፣ ጨው እንደሌለው ሳውቅ ዝም ብዬ ጨምሬ ብከድነው ኖሮ፣ ከነትሪዬ ይዤው ብወጣ ኖሮ፣ ይኸኔ ሥራዎት ላይ ነበሩ።"

"አውቃለሁ። እኔም እሱኑ ነው የማስበው።"

"ይሻል ነበር ወይ?"

"ለእንጀራዬ ይሻል ነበር" አሉ። ውሸት መናገር ይችሉ ነበር፤ አልተናገሩም። "አንች ግን እኔን ባየሽ ቁጥር ዓይንሽን ትሰብሪ ነበር። ዓይን የሚሰብር ሰው አጠገቤ አቁሜ መሥራት አልችልም፤ እጄን ያስቸግረኛል። ለነፍስ አባትሽ ንገሪያቸው፤ የሚሉሽን ስገጂ፤ ከዚያ ተይው።"

ነገርኋቸው፤ ሰገድሁም። መተው ግን እስከ ዛሬ አልቻልሁም። የባሕር ዳሩ ወጥ ቤት መጣ፤ ሁሉንም ይቀምሳል፤ ጨዉ ልክ ነው። ጋሽ አንሙት ሰከላ ገብተው ለግሽ ዓባይ ጸበልተኞች ባቄላ ይቀቅላሉ ሲባል ሰማሁ። እሄዳለሁ ስል፣ ፈተና ነው ስል፣ መንገዱ ጭቃ ነው ስል፣ ሁለት ዓመት አለፈ። ያቺ የአስፋልት ዳር ስንብት የመጨረሻዋ ሆነች።

ያን ቀን ሚኒባሱ መጥቶ ቆመ። ጋሽ አንሙት ጥቅልላቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው አንድ እግራቸውን አስገቡና ቆም አሉ። ከውስጥ "ግቡ እንጂ አባቴ" ይሏቸዋል።

"አንች ልጅ" አሉ ዞር ሳይሉ።

"አቤት ጋሼ።"

"ሥጋው እንዴት ነበር?"

መጀመሪያ አልገባኝም። ስንት ዓመት ሙሉ ፍልሰታ በመጣ ቁጥር ያን በግ ሠርተዋል፤ ባዶ ሳህን እንጂ ቃል ተመልሶላቸው አያውቅም። የበላው ሁሉ እንግዳ ነው፤ የሚሄድ ነው። የሚያውቁት ሰው ሲቀምሰው እኔ የመጀመሪያዋ ነበርሁ።

"ለስልሷል" አልኋቸው። "ሳይጎትቱት ከአጥንቱ ይለቅቃል።"

"ይለቅቃል?"

"ይለቅቃል።"

"ነጭ ሽንኩርቱስ?"

"ልክ ነው።"

"ቅቤውስ?"

ዝም አልሁ።

"ቅቤውስ አልሁሽ እኮ።"

"ትንሽ በዝቷል ጋሼ።"

ጋሽ አንሙት ዞረው አዩኝ። ከዚያ ከልባቸው ሳቁ፤ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ገብተው ተቀመጡ፤ በሩ ተዘጋ፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነበር። መኪናው ሲነሳ አጠገባቸው ለተቀመጡት ሴትዮ "ቅቤው በዝቷል አለችኝ፤ እውነቷን ነው" ሲሉ ሰማኋቸው።